የግማሽ ሰዓት ወንበር

«አንድ አልጋ። አንድ የጄሶ መጋዝ። ሁለት ባልዲ፤ አንደኛው እጀታ የለውም። አንድ አግዳሚ ወንበር። ሴትየዋስ?»

ጄሶ ሠሪዋ ይህን የሰማችው ከስሱ የእንጨት ግድግዳ ማዶ ነው። ግድግዳው የጄሶ ክፍሉን ከዶክተሩ ቢሮ የሚለይ ሲሆን ክሊኒኩ ሲከፈት ለጊዜው ተብሎ ቆመ፤ ለጊዜው የተባለ ነገር ሁሉ እንደሚሆነው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። የጠየቀችው ክሊኒኩን የሚገዛው ድርጅት የላካት ወጣት ናት። ሦስት ቀን ሙሉ በየክፍሉ እየዞረች ዕቃው ሁሉ ላይ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ስትለጥፍ ሰንብታለች። የሚመልስላት ዶክተሩ ነው፤ የጄሶ ሠሪዋ ሟች ባል ታላቅ ወንድም። ጄሶ ሠሪዋ ጥጥ እየጠቀለለች ነበር። እጇ አላቆመም።

«እሷ ቤተሰብ ናት» አለ ዶክተሩ።

«እሺ፤ ግን ሠራተኞች ዝርዝር ላይ አጣኋት። ውል የላትም፤ የምስክር ወረቀት የላትም፤ የጡረታ መዋጮም የለ።»

«ነገርኩሽ እኮ። ቤተሰብ ናት። እለፊያት።»

«ታዲያ ጄሶውን የሚሠራው ማነው ልበል?»

ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ።

«እኔ» አለ ዶክተሩ። «ሐኪሙ ራሱ ነው በዪ።»

ጄሶ ሠሪዋ የጠቀለለችውን ጥጥ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠችና ሌላ ጀመረች። ነገሩ ለእሷ አዲስ አልነበረም። ወንድማማቾቹ ይህን የአጥንት ክሊኒክ ሲከፍቱ፣ ታላቁ ሐኪም ታናሹ ጄሶ ሠሪ ሆነው ሲጀምሩ፣ ባሏ የውልን ነገር አንድ ጊዜ አንሥቶ ነበር። አማቷ ሳቁ። «ወንድም ከወንድሙ ጋር ሊፈራረም? ጠላት ሆናችሁ እንዴ?» አሉ፤ በዚያው ቀረ። እሷም መጀመሪያ ባልዲ ለማቀበል ገባች። ከዚያ ፋሻ መንከር መጣ፤ ባሏ ወገቡን ሲያመው ደግሞ እሱን ተክታ መጠቅለል። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በየወሩ መጨረሻ ፖስታ ይመጣል። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። በሞተ በዐሥረኛው ቀን ወደ ጄሶ ክፍሉ ተመለሰች። ተመለሺ ያላት የለም፤ አትመለሺ ያላትም የለም። ፖስታውም መምጣቱን ቀጠለ፤ ሳሳ ብሎ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንዲቱ መስኮት ወደ ጓሮ ትከፈታለች። ወለሉ የፈለገውን ያህል ቢታጠብ ማዕዘኖቹ ነጭ ናቸው። ከመታጠቢያው በላይ በባሏ እጅ ጽሑፍ «ጄሶ እዚህ አይደፋም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አንድ ጊዜ ተደፍቶ ቧንቧው ደርቆ ስለነበረ፣ ቧንቧውን ለማውጣትም የታካሚ አልጋ ከሚገዛበት ዋጋ በላይ ስለጠየቀ ነው። ስለዚህ ባልዲው ሳይነካ ይቀመጣል፤ ጄሶው ሲዘቅጥና ውሃው ሲጠራ ውሃው ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር ይደፋል። ከበሩ ጎን ረጅሙ አግዳሚ ወንበር አለ። በዚህ ቤት ጄሶ የታሰረለት ሰው ሁሉ፣ ቸኩያለሁ ቢልም ባይልም፣ እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይቀመጥ አይወጣም። ጣቶቹ ይታያሉ፤ ጥፍሩ ተጫን ተደርጎ ደሙ ተመልሶ መምጣቱ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ፣ ሲረጥብ ወደ ወይን ጠጅ በሚለወጥ እርሳስ፣ ጄሶው ላይ የአጥንቱ ሥዕል ይሣላል፤ የት እንደተሰበረ፣ መቼ እንደታሰረ፣ መቼ እንደሚፈታ ይጻፋል። ይህን ያመጣው ባሏ ነው። «ወረቀት ይጠፋል፤ ክንድ አይጠፋም» ይል ነበር። ሰውየው ከተማ ቢቀይር፣ ማታ ሌላ ሆስፒታል ቢገባ፣ ያየው ሐኪም ሁሉ ያነበዋል። ድርጅቱ ይህን እንደማይወደው ወጣቷ ትናንት በትሕትና ነግራታለች። ከአሁን በኋላ ጄሶው ላይ የሚለጠፈው የድርጅቱ ምልክትና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ትናንት ሌላም ነገር ነበር። ወጣቷ ከበሩ ጀርባ የተሰቀሉትን ሁለት ነጭ ጋውኖች አይታ ሁለት ተለጣፊ ስትልጥ፣ ጄሶ ሠሪዋ «አንዱ የክሊኒኩ አይደለም» አለቻት።

«የማን ልበል?»

«ምንም አትበዪ። አትቁጠሪው።»

ወጣቷ አንዱን ተለጣፊ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ሦስት ሰዓት ላይ የካርድ ክፍሏ ሴት መጣች። በክሊኒኩ ውስጥ የሆነውን ቀርቶ ሊሆን ያለውንም ቀድማ ስለምታውቅ ሁሉም «ሬዲዮ» ይሏታል።

«እትዬ፣ ሰማሽ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊፈራረሙ ነው። የድርጅቱ ትልቁ ሐኪም ራሱ ይመጣል አሉ። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ክሊኒክ ውጦ እኛ አራተኛው ነን። ያ ገበያው አጠገብ የነበረው የአጥንት ቤት ስሙ እንኳን ጠፍቶ ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቅሎበታል። አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ እግርሽን የት እንዳሳየሽ ግራ ይገባሻል።»

«አንቺ ዝርዝሩ ላይ አለሽ?»

«ሦስተኛ መስመር ላይ!» አለች ሬዲዮ፤ ካለች በኋላ ግን ፊቷ ላይ ያለው ደስታ አፈረ። «አንቺማ… አንቺ የቤቱ ሰው ነሽ። አንቺን ማን ይነካሻል።»

«ልክ ነሽ። ማንም አይነካኝም» አለች ጄሶ ሠሪዋ።

እስከ ምሳ አራት ሰው አስተናገደች። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ የቁርጭምጭሚቷ ጄሶ ተፈታላት፤ የቀጠነ እግሯን አይታ «ይሄ የማን ነው?» ብላ ሳቀች። ሁለት ሰዎች የሄዱት በየፊናቸው ዝም ብለው ነው። አንድ ሹፌር ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ በነዳጅ ዋጋ ሲያማርር ቆይቶ፣ ሲያልቅ መነሣት ጠላው። ወጣቷ በመሃል እየገባች ሰዓት ትይዛለች። «አንድ ጄሶ በአማካይ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብላ ጠየቀች። «እንደ አጥንቱ ነው» አለቻት። ወጣቷ «እንደ አጥንቱ» የሚሞላበት ቦታ በታብሌቷ ላይ ስላልነበረ ዐሥራ አምስት ብላ ጻፈች። ታካሚዎቹ ሲወጡም አግዳሚው ወንበር በአዲሱ አቀማመጥ ውስጥ ቦታ የለውም ተብሎ፣ ቁጥሩ እንደተለጠፈበት ጓሮ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዶክተሩ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የሰውን ጉልበት ሲያክም ኖሮ የራሱ ጉልበት ደረጃ አያስወጣውም። የራጅ ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲሱን ለመግዛት አቅም የለውም፤ ድርጅቱ ባይገዛው በሁለት ዓመት ውስጥ በሩ በራሱ ጊዜ ይዘጋ ነበር። ይህን ጄሶ ሠሪዋ ታውቃለች። ለመሸጡ አትወቅሰውም።

«እህቴ፣ በላሽ?»

«በልቻለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ዛሬ ያልቃል።» መነጽሩን አውልቆ በጋውኑ ጫፍ ጠረገ። «ባለቤቴ ስላንቺ ስታስብ ነበር። አዲሱ ቤት ከኋላ አንድ ክፍል አለው፤ ፀሐይ ይገባዋል። ብቻሽን ከምትሆኚ… እሷም ጓዳውን የሚያግዛት ትፈልጋለች። ያው የራስሽ ቤት ነው። ቤተሰብ አይደለሽም እንዴ?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

የሚሰማው ነገር እንዳለ ሁሉ ትንሽ ቆመ። እሷም የምትናገረው ነገር እንዳለ ሁሉ እጇን በፎጣ አደረቀች። ግድግዳው ስስ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ ሄደ። ጄሶ ሠሪዋ ስለ ኋላዋ ክፍል አሰበች፤ ስለ ፀሐዩ ሳይሆን ስለ በሩ። ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን አይሁን መጠየቅ ነበረባት። ከጓዳ ሲጠሯት ምን ብለው እንደሚጠሯትም ታውቃለች፤ ስሟን በዚያ ቤት ጠርቷት የሚያውቅ ሰው የለም። ሆድ ይፍጀው አለችና ባልዲውን ሞላች።

ስምንት ሰዓት ላይ የድርጅቱ ትልቁ ሐኪም ደረሰ። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። ከመፈራረማቸው በፊት አንድ ታካሚ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲታከም ማየት ፈለገ። ተራው የደረሰው የእጅ አንጓው የተሰበረ ቀለም ቀቢ ነው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ጣራ ላይ ስንጠለጠል ያልወደቅሁት ሰውዬ፣ ዛሬ አምፖል ልቀይር ቤቴ ወንበር ላይ ብወጣ!» አለ ለሁሉም። ትልቁ ሐኪም ፈገግ አለ። ወጣቷ ሰዓቷን አስጀመረች።

ዶክተሩ ማደንዘዣውን ወግቶ አጥንቱን ስቦ አስተካከለ፤ በዚህ እጁ አሁንም የታወቀ ነው። ከዚያ ወደ ጄሶ ክፍሉ ተዛወሩ። ዶክተሩ ባልዲው አጠገብ ሲቆም፣ ለጄሶ ሠሪዋ እንግዳ ቤት የገባ ሰው መሰላት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጄሶ አልጠቀለለም፤ የሚጠቀልልለት ሰው ነበረው። የመጀመሪያውን የጥጥ ጥቅል አቀበለችው፤ ጠቀለለው። ሁለተኛውን ዘረጋችለት። አዲስ ስብራት ማበጡ ስለማይቀር ሁለት ጥቅል ያስፈልገዋል። ዶክተሩ የትልቁን ሐኪም ዓይን እጁ ላይ አየና፣ ጥጡን ሳያይ የጄሶውን ፋሻ ከውሃው አወጣና መጠምጠም ጀመረ። እሷም የዘረጋችውን እጅ መለሰችው። ታላቅን በሰው ፊት ማረም በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ተደርጎ አያውቅም፤ ባሏም አድርጎት አያውቅም። ፋሻው ሲጠብቅ አየች፤ አሁንም ሲጠብቅ። ጥጡን መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

«ዐሥራ አራት ደቂቃ» አለች ወጣቷ።

«በጣም ጥሩ» አለ ትልቁ ሐኪም። ጄሶው ላይ የድርጅቱ ምልክት ተለጠፈ። ቀለም ቀቢው የሚቀመጥበት ቦታ ፈልጎ ግራ ቀኙን አየ፤ ወንበር የለም። «አበቃ፤ መሄድ ይችላሉ» ተባለ። ሁሉም ወደ ቢሮው ገቡ፤ በሩም ተዘጋ።

ጄሶ ሠሪዋ መቀሱን አጠበች። አልጋውን ወለወለች። ሰዓቱን አየችና ወለሉን ጠረገች። የጠዋቱ ባልዲ ስለጠራ ውሃውን ልትደፋ ወደ ጓሮ ወጣች። ቀለም ቀቢው ዛፉ ሥር፣ ቁጥር የተለጠፈበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ክንዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል።

«ምነው አልሄድክም?»

«የት ልሂድ እትዬ? ሚኒባስ ውስጥ ሰው ይገፋኛል። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።» ፊቱ አመድ መስሏል። «የእኚህ ዶክተር እጅ እንዴት ይከብዳል ባክሽ! ጡብ ሠሪ ቢሆኑ ይሻላቸው ነበር።»

ባልዲውን አስቀመጠች። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫነችው፤ ነጣ፤ ነጥቶም ቀረ።

«ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም። ማደንዘዣው ነው፣ አይደል?»

ትንሹን ጣቱን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ስትዘረጋው ጮኸ። ማደንዘዣው ሳይሆን የጠበቀው ጄሶ ደሙን እንዳነቀው ያኔ ገባት። ሬዲዮን ጠራች፤ ሬዲዮ እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች ተመለሰች። «ሊፈርሙ ተቀምጠዋል። ማንም እንዳይገባ ብለዋል። ምን ልበል?»

ጄሶ ሠሪዋ ጣቶቹን እንደገና አየች። ጄሶውን የሠራው ዶክተሩ ነው፤ ትልቁ ሐኪም አይቶ ጥሩ ብሎታል። ብትከፍተው ዶክተሩን በገዢዎቹ ፊት ማዋረድ ነው፤ የሚሸጠው ነገር ከእጁ ይወጣ ይሆናል፤ የኋላዋ ክፍልም አብራ ትሄዳለች። የምስክር ወረቀት የሌላት ሴት ናት። እጁ አንድ ነገር ቢሆንባት የሚጠራው ስም የእሷ ነው። ሁለተኛው ጥቅል መደርደሪያው ላይ እንዳለ ትዝ አላት።

«ምንም አትበያቸው። ይቺን ወንበር በዚያ በኩል አንሺልኝ። ወደ ቦታዋ ትመለስ።»

ቀለም ቀቢውን አልጋው ላይ አስተኛችውና መጋዙን ሶኬት ላይ ሰካች። መጋዙ አሮጌ ነው፤ ሲጮህ ጥርስ ያሳክካል። ግድግዳው ማዶ ይሰማ የነበረው ንግግር ጸጥ አለ። እሷ ከክርን እስከ መዳፍ አንድ መስመር ሰነጠቀች፤ አጥንቱ እንዳይንሸራተት ጄሶውን ሳታነሣ በመፈልቀቂያው አሰፋችው፤ ከሥር ያለውን ጥጥም ቆዳው እስኪታይ ድረስ በመቀስ ቀደደችው። ብዙውን ጊዜ የሚታለፈው ይሄ ነው፤ በደም የደረቀ ጥጥ እንደ ጄሶ ያንቃል። ክንዱን ትራስ ላይ ከፍ አድርጋ ጠበቀች። በመጀመሪያ ጠቃጠቆ መጣ፤ ከዚያ ሮዝ። ቀለም ቀቢው ተነፈሰ።

«እትዬ፣ ተመለሰ! ጣቴ ውስጥ ጉንዳን ገባ።»

«ይግባ። ጉንዳን ጥሩ ነው።»

የተሰነጠቀውን ጄሶ ለስላሳ ፋሻ ከላይ ላላ አድርጋ አሰረችበት። የድርጅቱን ምልክት ላጠች። ከባሏ ጋውን ኪስ፣ ካልተቆጠረው፣ እርሳሱን አወጣች፤ ጫፉን አርጥባ አንጓውን ሣለች፤ ስብራቱን በአጭር መስመር አመለከተች፤ ቀኑን ጻፈች። ከሥሩ «ተሰንጥቆ የተከፈተው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ» ብላ ጻፈች። ባሏ እዚህ ላይ የክሊኒኩን ስም ይጽፍ ነበር፤ እሷም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንደሱ ስትጽፍ ቆይታለች። «የከፈተችው» ብላ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ቀለም ቀቢውን ደግፋ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ሰዓቱን አየች።

ያኔ ነው በሩ የተከፈተው። ትልቁ ሐኪም ከፊት፣ ወጣቷ ከኋላው፣ ዶክተሩ ከሁሉም ኋላ። ትልቁ ሐኪም ጥያቄ አላስቀደመም። ጎንበስ ብሎ ጥፍሩን ተጫነ፤ ደሙ ተመለሰ። ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው፤ የተቀደደውን ጥጥ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ትሕትና ጠፍቶ ነበር።

«ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እጁን ያጣ ነበር። ማነው የከፈተው?»

«እሷ ናት» አለ ዶክተሩ።

«እሷ ማናት?»

«እሷ ቤተ…» አለና አቆመ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁለተኛ ጥቅል አየው፤ ብዙ አየው። ጄሶ ሠሪዋ ወለሉን ነበር የምታየው፤ አላገዘችውም።

«ጄሶ ሠሪያችን ናት» አለ ዶክተሩ። «በዚህ ቤት ጄሶ ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት። እኔ የሠራሁት የዛሬውን ብቻ ነው።»

ትልቁ ሐኪም «እንግዲያው ውሉ ላይ የተጻፈው ትክክል አይደለም» አለ። ዶክተሩ «አይደለም» አለ። «ዛሬ አንፈራረምም ማለት ነው። እንደገና ይጻፋል፤ ዋጋውም እንደገና ይታያል» አለ ትልቁ ሐኪም። ዶክተሩ በዚህም ራሱን ነቀነቀ። በዚያች ቅጽበት ሽማግሌ መሰለ።

ወጣቷ ታብሌቷን ከፈተች። «ሠራተኞች ዝርዝር ላይ ላስገባት። ስም?»

ዶክተሩ ስሟን ተናገረ። ከአፉ ሲወጣ ለሁለቱም እንግዳ ነበር።

«የአባት ስም?»

ዶክተሩ ሰምቶት ያውቃል፤ በሠርጓ ቀን። ከዚያ ወዲህ አላስፈለገውም። ጄሶ ሠሪዋ ልትነግረው ትችል ነበር፤ አልነገረችውም። ዶክተሩ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፤ የማይታጠፈውን ጉልበቱን በግድ አጥፎ አግዳሚው ወንበር ፊት ዝቅ አለ። ቀለም ቀቢውም ምን እንደሆነ ሳይገባው ክንዱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለለት። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ከጄሶው ላይ የአባቷን ስም አነበበ። ወጣቷ ጻፈችው።

«ከመቼ ጀምሮ ልበል?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ ዶክተሩ፤ አልጋውን ይዞ እየተነሣ።

ወጣቷ ታብሌቱን ለጄሶ ሠሪዋ ዘረጋችላት። «እዚህች ጋ በጣትዎ ይፈርሙ። መኪና እየጠበቀን ነው።»

«ይቆያችሁ» አለች ጄሶ ሠሪዋ። ከቀለም ቀቢው ጎን ተቀመጠችና ጣቶቹን በመዳፏ ላይ አሳረፈች። «ግማሽ ሰዓቱ አልሞላም። ሃያ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል።»

ትልቁ ሐኪም የእጅ ሰዓቱን አየና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ወጣቷ ታብሌቱን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ዶክተሩ የሚሄድበት ቦታ ስላልነበረው አግዳሚው ወንበር ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።